የገዢው ዝምታ ብቻ ለምን ይቆጠራል?

ባለፈው ዓመት ከአንድ ትልቅ የኦንላይን ገበያ የካሜራ ሜሞሪ ካርድ ገዛሁ። ፊቱ ላይ 512 ጊጋባይት ይላል። ሲደርሰኝ እሽጉ አልተነካም፤ ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካውም 512 ብሎ አነበበልኝ። ጥቂት ፎቶ አንስቼ ሞከርኩት፣ ሠራ። ከዚህ በላይ ምን ይጣራል? «ዕቃው ደርሶኛል» የሚለውን ተጫንኩና ነገሩን ረሳሁት።

ወር ከምናምን ቆይቶ ፎቶዎቹን ስገለብጥ የመጀመሪያዎቹ ደህና ተከፈቱ። ቀጥለው የመጡት ግማሽ ጎናቸው ግራጫ ነው፤ የባሱት ጭራሽ አልከፈት አሉ። ስም አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው።

ስጠያይቅ የቆየ ማጭበርበር መሆኑን ሰማሁ። ትንሽ ካርድ ይወሰድና በውስጡ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ ትልቅ ቁጥር እንድትናገር ትደረጋለች። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ካርዱ እንደማንኛውም ካርድ ይሠራል፤ ከሞላ በኋላ ግን አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ይደረባል ወይም የትም ሳይገባ ይቀራል። ካሜራው አንድም ቃል አይተነፍስም። ነገሩን በእርግጠኝነት ለማወቅ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ የጻፉትን መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ መኖራቸውን የሚያውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የተበላ ሰው ነው።

ወደ ትዕዛዙ ገጽ ተመለስኩ። የአቤቱታ ቁልፉ በነበረበት ቦታ «የዚህ ትዕዛዝ የአቤቱታ ጊዜ አልቋል» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ተቀምጧል። ካለቀ 19 ቀን ሆኖታል። ለሻጩ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ጊዜው ስላለፈ ልንረዳዎ ባለመቻላችን ከልብ እናዝናለን» የሚል መልስ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁባቸውም።

የጊዜ ገደብ መኖሩን ተቃውሜ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሕግ ይርጋ የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ከዚያ ወዲያ ክስ የማይሰማበትን የጊዜ ገደብ፣ ያበጀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክርክር ሁሉ አንድ ቀን ማለቅ አለበት፣ ማስረጃ ይጠፋል፣ ሰው ይረሳል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከየት ነው? ደግሞስ በቆጠራው ውስጥ ዝም በማለቱ የሚቀጣው ማን ነው?

መጀመሪያ ለሻጩ ወገን ልናገርለት፤ የሚናገርለት ሰው ብዙ አይደለምና። በእጁ የቆዳ ቦርሳ እየሰፋ ኦንላይን የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። አንድ ቀን መመለሻው ጊዜ ሊያበቃ ሰዓታት ሲቀሩት «እንደጠበቅኩት አይደለም» ተብላ የተመለሰች ቦርሳ አሳየኝ። ማሰሪያዋ ላይ የሽቶ ሽታ አለ፣ ከታች ጥግዋ ተፍቋል፣ በውስጥ ኪሷ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ ተረስቷል። የሠርጉ ቀን ቦርሳዋ ከመመለሷ በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው። ቦርሳዋ ሠርግ አጅባ መምጣቷ ነበር። ወዳጄ እየሳቀ ነው ያሳየኝ፣ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ለሚቀጥለው ቦርሳ ቆዳ የሚገዛው ባለፈው ቦርሳ ገንዘብ ነው። የሸጠው ሁሉ ለስድስት ወር «ሊመለስ ይችላል» እየተባለ ቢንጠለጠልበት መርፌውን ይሰቅላል።

ስለዚህ «ለገዢው የፈለገውን ያህል ጊዜ ስጡት» የሚል ሰው አብሮኝ አይቁም። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ቀለሙ የተሳሳተ ሸሚዝ፣ ቁጥሩ ያልሆነ ጫማ ሳጥኑ በተከፈተበት ቀን ይታያል። ለዚህ አጭር ገደብ ይበቃል፤ ባጠረ ቁጥርም ለሁሉም ይበጃል።

አሁን ትልልቆቹ ገበያዎች የሚሰጡትን እንይ። ኢቤይ ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ይሰጣል። ኤትሲ 100 ቀን ይላል። አማዞን ላይ ከሌላ ሻጭ ለተገዛ ዕቃ ዋስትና የሚጠየቀው ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ነው። ፔይፓል የተባለው የክፍያ አገልግሎት 180 ቀን ይሰጣል፤ እስከ 2014 ድረስ ግን (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 45 ነበር። ከ45 ወደ 180 በአንዴ! ገደቡ በአራት እጥፍ ሲያድግ ሰማይ አልተደፋም፤ ድርጅቱም አለ፣ ሻጮቹም አሉ። «አንድ ቀን ብንጨምር ንግዱ ይፈርሳል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ነው የማስታውሰው።

ሰው ግን የቀኑን ብዛት እያየ የመነሻውን ነገር ይዘነጋል። የፔይፓል 180 ቀን የሚቆጠረው ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ነው። ለተራ ግዢ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ገና ያልተመረተ ዕቃ ቀድሞ ከፍሎ የሚጠብቅ ሰው ግን አለ፤ «በሁለት ወር ይደርስዎታል» የተባለው ወደ አራት፣ አራቱ ወደ ሰባት ሲገፋበት 180ው ቀን ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ ያልቅበታል። በሌላ በኩል 30 ቀን ብቻ የሚሰጠው፣ ቆጠራውን ከመድረሻው ቀን ስለሚጀምር፣ ለዚህ ሰው ይሻለዋል። የሚያወዳድሩ ገጾች ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ደርድረው «ይህ ይበልጣል» ሲሉ ይገርመኛል፤ ሁለት ሯጮችን ከተለያየ መነሻ አስነስቶ ሰዓታቸውን እንደማወዳደር ነው።

«ደረሰ» የሚለው ቃል ራሱም ጣጣ አለው። በመከታተያ ቁጥሩ ላይ «ደርሷል» የሚል ጽሑፍ የሚወጣው አጓጓዡ ያን ቁልፍ ሲጫን ነው። ጥቅሉ በር ላይ ተጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ተቀብሎት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ከተማ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ገዢው ከቤቱ ርቆ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ቆጠራው አይጠብቀውም። አንዳንድ ገበያዎች ደግሞ ገዢው ዝም ካለ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ በራሳቸው «ዕቃው ደርሶታል» ብለው ይመዘግቡና ገንዘቡን ለሻጩ ይለቃሉ።

ሲጀመር ቁጣዬን ያመጣው ይኸው ነው። ገዢው ዝም ሲል «ተስማምቷል» ይባላል። ሻጩ ዝም ሲል ግን «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይባላል። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እዚህ ግን ወርቁ የሚገባው ወደ አንድ ኪስ ብቻ ነው።

ይህን አሠራር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሻጭ ብዙ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፣ ማቆየት ይበቃዋል። የሚላላኩትን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት ነው። «ዕቃው ጉምሩክ ላይ ነው፣ አንድ ሳምንት ይታገሡን።» ሳምንቱ ያልፋል። «ፎቶ ይላኩልን።» ይላካል። «ፎቶው ግልጽ አይደለም፣ ቪዲዮ ይላኩልን።» ይላካል። «ለቴክኒክ ክፍላችን አስተላልፈናል።» በመጨረሻም ከሁሉ የሚብሰው ይመጣል፦ «አቤቱታዎን ቢዘጉልን ገንዘብዎን በሦስት ቀን ውስጥ እንልካለን።» ይህን አምኖ የዘጋ ሰው ተመልሶ ሊከፍት አይችልም። ፔይፓል ላይ ለምሳሌ አንዴ የተዘጋ ክርክር እንደገና አይከፈትም፤ ክፍት የተተወውም በ20 ቀን ውስጥ ወደ ሙሉ አቤቱታ ካልተሸጋገረ በራሱ ይዘጋል። ደንቡ የተጻፈው ነገሩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ታስቦ ነው፣ ይገባኛል። በተግባር ግን ጨዋው ገዢ፣ «እስኪ ሰውየውን ልመነው» ያለው፣ ነገረኛ ከሆነው ይልቅ ይጎዳል። ጨዋነትን የሚቀጣ ደንብ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ሁሉንም ነገረኛ ያደርጋል። አሁን እኔ ለሻጭ መልእክት ከመጻፌ በፊት አቤቱታ እከፍታለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

የሚገርመው የመንግሥታት ሕግ ከገበያዎቹ ደንብ ይልቅ ይህን አስቀድሞ ማየቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ መሠረት ኦንላይን የገዛ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ ቆጠራውም ዕቃው በእጁ ከገባበት ቀን ይጀምራል። የምወደው ክፍሉ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ነጋዴው ይህ መብት እንዳለ ለገዢው ካልነገረው 14ቱ ቀን በ12 ወር ይረዝማል። የነጋዴው ዝምታ ዋጋ አስከፈለው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1974 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ሕግም ለገዢው 60 ቀን ሲሰጥ ባንኩን ዝም ብሎ አልተወውም፤ አቤቱታው እንደደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ደግሞ መቋጨት አለበት። ይህን ካላደረገ ከተከራከረበት ገንዘብ እስከ 50 ዶላር ድረስ የመጠየቅ መብቱን ያጣል፣ ኋላ ላይ እውነቱ የእሱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ። ሃምሳ ዶላር ዛሬ የሚያስፈራ ቅጣት አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ቀጥተኛ ነው። ሕንድ በ2020 ባወጣችው የኢኮሜርስ ደንብ የገበያው የአቤቱታ ሹም በ48 ሰዓት ውስጥ አቤቱታው መድረሱን ያሳውቃል፣ በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ መፍትሔ ይሰጣል።

ከሁሉም ይልቅ ልኮርጀው የምፈልገው ከብሪታንያ ነው። በ2015 የሸማቾች መብት ሕጋቸው ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ ሙሉ ገንዘብ ለመቀበል 30 ቀን አለ። ገዢው «ይጠገንልኝ» ብሎ ለሻጩ ከሰጠው ግን ዕቃው በሻጩ እጅ ያለበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ቆጠራው ይቆማል። ሲመለስለት የቀረው ከሰባት ቀን በታች ቢሆን እንኳ ሰባት ቀን ያገኛል። ይህን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሻጩ «ጠብቁኝ» የሚል መልእክት በላከ ቁጥር የገዢው ቆጠራ ቢቆም፣ ማቆየት የሚባለው ብልሃት በዚያው ዕለት ይሞታል። «ጉምሩክ ላይ ነው» ያለው ሻጭ እውነቱን ከሆነ የሚጎዳበት ነገር የለም።

ድብቅ ጉድለትስ? የኔ ካርድ፣ በሦስተኛው ወር የሚያብጥ ባትሪ፣ ብርድ ሲመጣ ብቻ ውኃ የሚያስገባ ጫማ። ይህ አዲስ ጥያቄ እንዳይመስለን። የጥንት ሮም የገበያ ሹማምንት ባሪያና ከብት የሚሸጡ ሰዎች የደበቁት በሽታ ወይም ጉድለት ሲገኝ ገዢው መልሶ ገንዘቡን የሚወስድበት ስድስት ወር፣ ዋጋ የሚያስቀንስበት ደግሞ አንድ ዓመት ሰጥተው ነበር። ጊዜውም ሲሰላ የሚቆጠረው ክስ ማቅረብ የሚቻልባቸው ቀኖች ብቻ ነበሩ። የሚሸጠው ሰው መሆኑን ስናስብ ያ ሕግ ያሳቅቃል። የሽያጭ ሥርዓቱን ብቻ ነጥለን ካየነው ግን፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ የገበያ ዳኛ ገዢው ምንም ማድረግ ባልቻለበት ቀን ቆጠራው መሮጥ እንደሌለበት ገብቶት ነበር።

ዛሬም ቢሆን ነጋዴ ከነጋዴ ሲገዛ እንዲሁ ነው። በ1980 ቪየና ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሽያጭ ስምምነት ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምር ያዝዘዋል፤ ጉድለቱን ካገኘበት ወይም ማግኘት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ በተገቢ ጊዜ ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠይቀዋል። ከዚህ በላይ ቁርጥ ያለ የመጨረሻ ድንበር አለ፤ ዕቃውን ከተረከበ ሁለት ዓመት። ሁለት ቆጠራ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው፦ አንዱ ከታወቀበት ቀን የሚጀምር አጭር፣ ሌላው ከርክክቡ የሚጀምር ረጅም። ስምምነቱ ለግል መጠቀሚያ በሚገዛ ዕቃ ላይ አይሠራም። እና ጠበቃ፣ መርማሪና መጋዘን ያለው ኩባንያ «ጉድለቱን ካወቅኩበት ቀን ቁጠሩልኝ» ማለት ሲችል፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሚሞክረው ሰው በገበያው ደንብ «ደርሷል ከተባለበት ቀን» ይቆጠርበታል። ይህ ተገልብጦ ቢሆን ይገባኝ ነበር።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ እል ነበር። በዓይን ለሚታይ ጉድለት ዕቃው በእጅ ከገባ በኋላ 14 ቀን ይበቃል፤ የቦርሳ ሰፊው ወዳጄም በዚህ ይስማማል፣ ጠይቄዋለሁ። ሲጠቀሙበት ብቻ ለሚገለጥ ጉድለት፣ ከታወቀ በኋላ 14 ቀን፣ ይሁንና ከርክክቡ ስድስት ወር ካለፈ በገበያው በኩል የሚቀርበው አቤቱታ ይዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሕግና የዋስትና ጉዳይ ነው። የታወቀበትን ቀን ማን ያረጋግጣል ለሚለኝ፦ ገዢው ያስረዳ። እኔ ካርዱን የሞላሁበት ቀን በፎቶዎቹ ላይ ተጽፏል። ማስረዳት ያልቻለ ይሸነፍ፣ ቢያንስ ተሰምቶ ይሸነፋል።

«ማጭበርበር ይበዛል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትንሽ ሊበዛ ይችላል። ነገር ግን ቦርሳዋን ሠርግ አውሎ የመለሰው ሰው የተጠቀመው በአጭሩ ገደብ ነው፤ አጭር ገደብ አላቆመውም። አጭበርባሪ ቀን ቆጥሮ ነው የሚሠራ፣ ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከሰዓታት በፊት ይደርሳል። ገደቡ የሚያልፍበት የማይቆጥረው፣ ሥራ የበዛበት፣ «ነገ እጽፋለሁ» ያለው ሰው ነው። አጭበርባሪውን የሚይዘው ታሪኩ ነው፤ ስንት ጊዜ መለሰ፣ ምን መለሰ፣ ከማን ገዝቶ መለሰ። ይህ ሁሉ በገበያው መዝገብ ውስጥ አለ።

ስለ ገንዘቡ መመለሻ ብዙ አልልም። ተፈቅዷል ከተባለ በኋላ «ከ5 እስከ 30 የሥራ ቀን» የሚባለው ነገር ለኔ ሊገባኝ አልቻለም። ገንዘቤ ከኔ ሲወጣ ሰከንድ ነው የፈጀው። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ነጋዴው ገዢው ሐሳቡን መቀየሩን ከሰማበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ዕቃው እስኪደርሰው ወይም መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪቀርብለት ግን ማቆየት ይችላል። የቻይና የሸማቾች ሕግ ደግሞ ለኦንላይን ግዢ የሰባት ቀን የመመለሻ መብት ከሰጠ በኋላ፣ የተመለሰው ዕቃ ነጋዴው ጋ በደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ ገንዘቡ ይመለስ ይላል። ለገዢው ሰባት፣ ለነጋዴውም ሰባት። ገዢው አንድ ቀን ቢዘገይ መብቱን ያጣል፤ ነጋዴው ቢዘገይስ ምን ያጣል? በአብዛኞቹ ገበያዎች ደንብ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም። ሻጩ በተወሰነለት ቀን ካልመለሰ ገበያው ከሻጩ ሒሳብ ቀንሶ ራሱ ይክፈል፤ ድርሻውን ቀንሶ ለመውሰድ ሲሆን የሻጩን ሒሳብ መንካት ያውቅበታልና።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ፣ ምንም ወጪ የሌለው። የሜሞሪ ካርዱን ከገዛሁ በኋላ የተላኩልኝን መልእክቶች መለስ ብዬ ቆጠርኳቸው። «ግዢዎ እንዴት ነበር? ኮከብ ይስጡ» የሚል ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። «ይህንን የገዙ ሰዎች ይህንንም ገዝተዋል» የሚል አምስት ጊዜ። የዕቃ ቅናሽ ሊያበቃ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ወደ ኋላ የምትቆጥር ቀይ ሰዓት ሳይቀር ልከውልኛል። «የአቤቱታ ጊዜዎ ነገ ያበቃል» የሚል ግን አንድም የለም።